ኳስ፣ ፊኛና የቢክ ክዳን፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች ለኬሚስትሪ መምህርቷ

ባለፈው እትም የቅዳሜ ልጆቼ በአንድ ሃይላንድና በአንድ የእስክርቢቶ ክዳን የአየርን ጠባይ እንዴት እንደፈተሹ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው ጥያቄ ሁሉ ስለ መጫወቻ ሆነ። ለማታውቁኝ፣ ጅማ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈር ልጆች ግቢዬ ይሰበሰባሉ። ገሚሱ በአማርኛ፣ ገሚሱ በአፋን ኦሮሞ ይከራከራል። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ደግሞ ማንም ማንንም አይሰማም። አንድ ሕግ አለን፦ መጫወቻውን ከመንካትህ በፊት ምን እንደሚሆን ገምተህ ትጽፋለህ። ያልጻፈ ያያል እንጂ አይነካም። ወደ ደብዳቤዎቹ ልሂድ።

ጥያቄ፦ ሰርቦ የ7ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ላብራቶሪ የለንም። ለወላጆች ቀን በጭቃ እሳተ ገሞራ ሠርተን ቤኪንግ ሶዳ ጨመርንበት፤ ከዚያ አቼቶ አፈሰስን። ሁሉም አጨበጨበ። በማግስቱ ምን እንደተማሩ ስጠይቃቸው "አረፋ ወጣ" አሉኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ እሳተ ገሞራውን ተይው። እኔ ካየሁት ቁጥር እየጠላሁት መጥቻለሁ። ጭቃው ምንም አላጠፋም፤ ልጁ ግን ሊሳሳትበት የሚችል ግምት አልነበረውም። እንዲህ ከሆነ ርችት ነው። ያንኑ ሶዳና ያንኑ አቼቶ ወደ ፊኛ ውሰጂው።

ባለ 1 ሊትር ባዶ ሃይላንድ 5 አሰልፊ። በየአንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር አቼቶ ጨምሪ፤ ላዩ ላይ 5 በመቶ የሚል ይሁን። ወረቀት ጠቅልለሽ ሶዳውን ፊኛዎቹ ውስጥ አስገቢ። ለመጀመሪያው ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ለሁለተኛው አንድ፣ ለሦስተኛው አንድ ተኩል፣ ለአራተኛው ሁለት፣ ለአምስተኛው ሦስት። ማንኪያው ልክ እስከ አፉ ይሁን፣ አይከመር። የፊኛውን አፍ በጠርሙሱ አፍ ላይ ግጠሚና ሶዳው ሳይወርድ ወደ ጎን ተንጠልጥሎ ይቆይ። አሁን ይጻፉ፦ የትኛው ይበልጥ ያብጣል? አብዛኛው ልጅ "አምስተኛው" ይላል።

ከዚያ ፊኛዎቹን አንድ ላይ ቀና ያድርጓቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እየተበላለጡ ያብጣሉ። አራተኛውና አምስተኛው ግን ከሦስተኛው እምብዛም አይበልጡም። ዙሪያቸውን በክር ለክተው ክሩን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡት። የአምስተኛውን ጠርሙስ ግርጌም ያሳዩ፤ ሥራ ያጣ ነጭ ሶዳ ተኝቶ ያገኙታል።

ሂሳቡ ይኸው። 100 ሚሊ ሊትር አቼቶ ውስጥ 5 ግራም ገደማ አሴቲክ አሲድ አለ። ይህ የሚጨርሰው 7 ግራም ሶዳ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ 5 ግራም ያህል ይመዝናል። ከአንድ ማንኪያ ተኩል በላይ ያለው ሶዳ የሚገጥመው አሲድ የለም። ከፍ ሲሉ "ሊሚቲንግ ሪኤጀንት" እያልን የምናስጨንቃቸው ይህንኑ ነው። አምስተኛው ፊኛ ላይ የተከራከረ ልጅ ግን ያን ጊዜ አይጨነቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ጅማ ነን። ከ7 ግራም ሶዳ 3.7 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ ጅቡቲ ወደብ ላይ 2 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል። እኛ ዘንድ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን አየሩ የሚጫነን ያነሰ ነው፤ ያው ጋዝ ወደ 2 ሊትር ተኩል ይጠጋል። ውሃችን 100 ዲግሪ ሳይደርስ 94 አካባቢ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጅቡቲ ዘመድ ያለው ተማሪ ካለሽ በስልክ እየተነጋገሩ ክር ይለኩ። እኔ እስካሁን ዘመድ አላገኘሁም።

ሱቅ ስትሄጂ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጡሽ ተጠንቀቂ። እሱ የራሱን አሲድና ስታርች ይዞ የሚመጣ ነው፤ ሂሳብሽን ያበላሸዋል። በውሃ ብቻ አረፋ ካወጣ ፓውደር ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ "የኬሚስትሪ ሳጥን" የሚባል መጫወቻ ውድ በሆነ ዋጋ አየሁ። ለ10 ዓመት ልጄ ልግዛለት?

መልስ፦ አይግዙ። በዚያ ገንዘብ አንድ ትንሽ ዲጂታል የኩሽና ሚዛን፣ አንድ ፓኬት ፊኛና አንድ የመስታወት ሰፊ ብርጭቆ ይግዙለት። የሚተርፍዎት ይመስለኛል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ዱቄት በሳምንት ያልቃል፤ ሚዛኑ ግን ዓመታት ያከራክራል።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ አጋሮ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የሞለኪውል መሥሪያ መጫወቻ ጥቂት ብቻ ስላለን አስተማሪያችን በድንችና በስቴኪኒ ያሠራናል። ጓደኞቼ "ይሄ የሕፃን ጨዋታ ነው" ይላሉ። እውነት ሳይንቲስቶች እንዲህ ይጫወታሉ?

መልስ፦ ይጫወታሉ፤ ነገሩ የተጀመረውም በጨዋታ ዕቃ ነው። ኦገስት ቪልሄልም ሆፍማን የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1865 ለንደን፣ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ውስጥ ንግግር ሲያደርግ ሞለኪውሎችን በክሮኬ ኳስ ሠርቶ አሳየ። ክሮኬ ሣር ላይ የእንጨት ኳስ በመዶሻ እየመቱ የሚጫወቱት ነው። ካርቦኑን ጥቁር፣ ሃይድሮጂኑን ነጭ፣ ኦክስጅኑን ቀይ፣ ናይትሮጂኑን ሰማያዊ፣ ክሎሪኑን አረንጓዴ አደረገው። የመማሪያ መጽሐፍህን ግለጥና ቀለሞቹን እይ። እስከ ዛሬ አልተቀየሩም።

ግን ያ መጫወቻ ይዋሽ ነበር። የሆፍማን ሚቴን ጠፍጣፋ ነው፤ መሃል ላይ ካርቦን፣ ዙሪያውን አራት ሃይድሮጂን፣ እንደ መስቀል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ዛሬም እንደዚያ እንስለዋለን። በ1874 ያኮቡስ ቫንት ሆፍ የተባለ የ22 ዓመት ሆላንዳዊ፣ "አይደለም፣ አራቱ ወደ አራት የተለያዩ ማዕዘኖች ነው የሚዘረጉት" አለ። ጆሴፍ ለ ቤል የሚባል ፈረንሳዊም ለብቻው እዚያው ደርሶ ነበር። ቫንት ሆፍ ሐሳቡን ለማስረዳት ከወረቀት ትንንሽ ሞዴሎች እየሠራ ለኬሚስቶች ላከላቸው። ኸርማን ኮልበ የተባለ ትልቅ ፕሮፌሰር በጽሑፍ ተሳለቀበት፤ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ስለ አተም ምን ያውቃል ዓይነት ስላቅ ነበር። ወረቀት ቆራጩ ግን በ1901 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ወሰደ። ጓደኞችህ ስለ ድንች ሲስቁ ይህን ንገራቸው።

አሁን አንተም ፈትነው። አራት ፊኛ እኩል ነፍተህ ሁለት ሁለቱን አንገታቸው ላይ እሰር። ከዚያ ሁለቱን ጥንዶች መሃል ላይ አጠማዝዘህ አያይዛቸው። ከማያያዝህ በፊት ግን ቅርጹን ሣል። ሰሌዳው ላይ ያየኸውን መስቀል የምትሥል ይመስለኛል። ፊኛዎቹ ግን አንተን አይጠይቁም፤ ሦስቱ እንደ ጉልቻ መሬት ይረግጣሉ፣ አራተኛው ወደ ላይ ይቆማል። በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 109.5 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጠረጴዛ ላይ ጨፍልቀህ መስቀል አድርገውና ልቀቀው፤ ተስፈንጥሮ ይመለሳል። ሦስት ብቻ ብታስር ጠፍጣፋ ሦስት ማዕዘን፣ ሁለት ብታስር ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ጊሌስፒና ናይሆልም የተባሉ ኬሚስቶች በ1957 ያወጡት፣ በአተም ዙሪያ ያሉ የኤሌክትሮን ጥንዶች ተገፋፍተው ይራራቃሉ የሚለው፣ አንተ በ11ኛ ክፍል የምትሸመድደው ደንብ ይኸው ነው።

ፊኛውም ይዋሻል፣ አትርሳ። ፊኛዎቹ የሚገፋፉት ስለሚነካኩ ነው። ኤሌክትሮኖች ግን የሚገፋፉት ቻርጃቸው አንድ ዓይነት ስለሆነና አንድ ቦታ መጋራት ስለማይችሉ ነው። ማንኛውንም መጫወቻ ስትይዝ የሚዋሽበትን ቦታ ፈልግ፤ ከአስተማሪህ የተሻለ ጥያቄ የምታወጣው ከዚያ ነው።

ስለ ድንቹ ቅሬታ የለኝም፣ ግን ቶሎ ይጠወልግና ስቴኪኒው ይላላል። እኔ በርጩማ ከሚፈለፍሉት የጅማ ባለሙያዎች ዘንድ ቁርጥራጭ እንጨት እለምናለሁ። ካላቸው ጥቂት ክብ ክብ ያወጡልኛል። ቀለም ልጆቹ ይቀባሉ። በሆፍማን ቀለም፣ እንዴ!

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ 6ኛ ክፍል ነኝ። የአባ ጅፋር ደጋፊ ነኝ። ወንድሜ "ኳስም ኬሚስትሪ ነው" አለኝ። እየዋሸኝ ነው?

መልስ፦ አልዋሸህም፣ ጎበዝ ወንድም ነው ያለህ። የድሮው ዓይነት ጥቁርና ነጭ ኳስ ፈልግ። ባለ አምስት ጎን ጥቁሮቹ 12፣ ባለ ስድስት ጎን ነጮቹ 20 ናቸው። አሁን ስፌቶቹ የሚገናኙባቸውን ነጥቦች ስንት እንደሆኑ ሳትቆጥር ንገረኝ። መላ ልስጥህ፦ እያንዳንዱ ነጥብ የሚነካው አንድ ጥቁር ብቻ ነው። ጥቁሮቹ 12፣ እያንዳንዳቸው 5 ጫፍ፣ 60። በየነጥቡ አንድ የካርቦን አተም አስቀምጥ። እንዲህ ያለ ሞለኪውል እውነት አለ። ክሮቶ፣ ከርልና ስሞሊ የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1985 አገኙት፤ በ1996 ኖቤል ወሰዱበት። ከወንድምህ ጋር በ60ዎቹ ላይ በእስክርቢቶ ነጥብ አድርጉ፤ የሰው ኳስ ከሆነ ግን አስፈቅዱ።

ጥያቄ፦ ልጄ ቴሌግራም ላይ አይታ "ስላይም ልሥራ" እያለች አስቸገረችኝ። ኮላና ቦራክስ ያስፈልጋል አለች። ቦራክሱን ወርቅ ሠሪ ጎረቤታችን ሊሰጣት ነው። አደጋ የለውም?

መልስ፦ ወርቅ ሠሪው ብየዳ ላይ የሚጠቀምበት ቦራክስ ያው ቦራክስ ነው። ግን ለልጅ እጅ በቀጥታ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ከተዋጠ ይጎዳል፤ አውሮፓ ውስጥ የመውለድ ጤናን ሊጎዳ ይችላል ተብሎ ተመድቧል። ስለዚህ ዱቄቱን እርስዎ ይያዙ፣ እርስዎ ይበጥብጡት። አንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ታናሽ ወንድም ወይም እህት፣ ገና ዕቃ አፍ የሚከት ካለ፣ ስላይሙ ከቤት ይውጣ። ከጨዋታ በኋላ እጅ መታጠብ ነው። እጇ ላይ ቁስል ካለ ይቆይ።

ኮላው የአናጢ ነጭ ኮላ ይሁን። ከእንስሳ የሚሠራው ሙጫ አይሠራም። ኮላውን በእኩል ውሃ አቅጥናችሁ የቦራክሱን ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አማስሉ።

ውስጡ ምን እንደሚሆን ለማሳየት ልጆቹን ራሳቸውን መጫወቻ አደርጋቸዋለሁ። ሁለት ሰልፍ ይሠራሉ። በየሰልፉ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ ይህ የኮላው ረጅም ሞለኪውል ነው። ሁለቱ ሰልፎች ጎን ለጎን ያለ ችግር ይተላለፋሉ። ከዚያ ጥቂት ልጆች "ቦራክስ" ይሆኑና በመሃል ገብተው በአንድ እጅ አንዱን ሰልፍ፣ በሌላው እጅ ሌላውን ይይዛሉ። አሁን ሰልፎቹ ሲንቀሳቀሱ መጎተትና መሳቅ ነው። ቀስ ብለው ሲሄዱ ቦራክሶቹ እጅ እየለቀቁ ሌላ ይይዛሉ። በድንገት ሲጎትቱ ግን ሰልፉ ይበጠሳል። ስላይሙም እንዲሁ ነው፦ ቀስ ብላ ብትስበው ይለጠጣል፣ በኃይል ብትስበው ቁርጥ ይላል።

ልጅዎ ሲሰለቻት አቼቶ ጠብ ያድርጉበት። ከዚያ በፊት ግን ትገምት፦ ይጠነክራል ወይስ ይቀልጣል? አሲዱ የቦራክስን እጅ ያስለቅቀዋል፤ ስላይሙ ፈሳሽ ይሆናል። ምንጣፍ ላይ የተጣበቀውንም የሚያስለቅቀው ይኸው ነው። ይህንን ለእናቶች ብዬ ነው።

ጥያቄ፦ ሊሙ ገነት የ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ "ሃፍ ላይፍ" (የሬዲዮአክቲቭ አተሞች ግማሹ እስኪፈርሱ የሚፈጀው ጊዜ) ላይ ቀመሩን ያውቃሉ፣ ነገሩ ግን አልገባቸውም። ግማሹ ሲያልቅ የቀረው ግማሽ በተመሳሳይ ጊዜ ለምን ሙሉ በሙሉ እንደማያልቅ ይጠይቁኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሊሙ ሆነህ መሣሪያ ታጣለህ ብዬ አላምንም። 100 ፍሬ ጥሬ ቡና ቁጠር። ፍሬው አንድ ወገኑ ጠፍጣፋ ነው፣ መሃሉ ላይ ስንጥቅ አለው፤ ሌላው ወገን ጉብ ያለ ነው። ድብልብል ክብ የሆኑትን ለቅመህ አውጣ፤ እነሱ ጠፍጣፋ ወገን የላቸውምና ጨዋታውን ያበላሻሉ።

ቡናውን ጣሳ ውስጥ አንኳኳና ሰፌድ ላይ ገልብጠው። ስንጥቁ ወደ ላይ የሆነው ሁሉ "ፈርሷል"፤ ይወጣል። የቀሩትን ቆጥራችሁ ጻፉ፣ እንደገና አንኳኩ። ስንጥቅ ወደ ላይ የመሆን ዕድሉ ልክ ግማሽ ላይሆን ይችላል። ግድ የለም፤ የእናንተን ቡና ዕድል ከግራፉ ታወጡታላችሁ። ግማሽ ቢሆን 100፣ 50፣ 25፣ 12 ወይም 13 እያለ ይወርዳል።

ትልቁ ነገር ግን ቁጥሩ አይደለም። ሦስት ዙር የተረፈ አንድ ፍሬ አንሳና "ይሄ አሁን ተራው አልደረሰም?" ብለህ ጠይቅ። ብዙዎቹ "ደርሷል" ይላሉ። በቀይ እስክርቢቶ ምልክት አድርጋችሁ የተረፉትን ብቻ እንደገና ጣሉ። ቡናው ሦስት ዙር መትረፉን አያስታውስም። ዕድሉ እንደ መጀመሪያው ዙር ነው። የተረፈው ግማሽ በቀጣዩ ጊዜ ሁሉም የማያልቀው ለዚህ ነው፤ አተም አያረጅም። ካርቦን 14 በ5,730 ዓመት፣ የእንቅርት ሕክምና ላይ የሚውለው አዮዲን 131 በ8 ቀን ግማሹ ይፈርሳል። ልዩነቱ በየዙሩ ያለው ዕድል ነው።

ቡናው እጅህ ላይ እያለ ሌላም ሥራ። አንድ ኩባያ ቡናና አንድ ኩባያ ጤፍ ብትቀላቅል ስንት ኩባያ ይሆናል? ሁለት የሚል ካለ ይቀላቅልና ይይ፤ ጤፉ በቡናው መሃል ይገባል። 50 ሚሊ ሊትር ውሃና 50 ሚሊ ሊትር ንጹህ ኤታኖል ሲቀላቀሉም 100 አይሞሉም፤ 96 ወይም 97 ገደማ ይሆናሉ። እዚህ ላይም መጫወቻው እውነቱን በሙሉ አይናገርም፤ የውሃና የአልኮል ሞለኪውሎች መሃል ለመሃል ከመግባት ሌላ ይሳሳባሉም። ጤፉን ከቡናው መለየት በወንፊት ነው፤ ይህ ደግሞ የ7ኛ ክፍል ትምህርት ነው። ሲያልቅ ቡናውን ቁሉት። ቀይ ምልክት ያለበትን ግን ጣሉት።

ጥያቄ፦ የልጄ ነጭ ሸሚዝ ላይ አልጫ ፈሰሰ። በሳሙና ሳሸው ቀይ ሆነ። ልጄ "ደም!" ብላ ጮኸች። ምንድን ነው?

መልስ፦ እርዱ ነው። እርድ ቢጫነቱን የሚይዘው አሲድ ወይም ተራ ውሃ ውስጥ ነው፤ ሳሙና፣ አመድ ውሃና ሶዳ ሲነኩት ይቀላል። ጥሩ መጫወቻ አገኘችልሽ። ጥቂት እርድ በአልኮል በጥብጪና ነጭ ወረቀት ቀብተሽ አድርቂ። በጥጥ የሳሙና ውሃ ነክራ ትጻፍበት። አቼቶ ስታስነካው ጽሑፉ ይጠፋል። ቀይ ሥር ላይ አትድከሙ፤ ቀለሙ ሌላ ዓይነት ስለሆነ እንዲህ ግልጽ አይለዋወጥም። ከርከዴ ግን ጥሩ ነው።

ወረቀቱን አትጣዪው። ለሚቀጥለው ደብዳቤ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ 3 ዓመቱ ነው። ሂርማታ ገበያ የሚበራና የሚዘፍን አሻንጉሊት ገዛሁለት። ጎረቤቴ "ባትሪው ይገድላል" ብላ አስፈራራችኝ። እንዲህች ትንሽ ነገር እንዴት ትገድላለች?

መልስ፦ እማማ፣ ጎረቤትዎ እውነቷን ነው። አሁኑኑ አሻንጉሊቱን ይገልብጡ። የባትሪው ክዳን በብሎን የታሰረ ካልሆነ ከልጁ ያርቁት።

ሰው የሚመስለው ባትሪው ፈስሶ መርዝ የሚሆን ነው። ዋናው ጉዳት ግን እሱ አይደለም። ክብ ጠፍጣፋዋ ባትሪ ጉሮሮ ውስጥ ስትቀረቀር ሁለቱ ወገኖቿ እርጥብ ሥጋ ይነካሉ። በሥጋው ውስጥ ኤሌክትሪክ ያልፋል። በኔጌቲቩ ወገን ከውሃው ውስጥ እንደ ኮስቲክ ሶዳ የሚያቃጥል ነገር ይፈጠራል። በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቁስል ልታደርስ ትችላለች። ባለ 3 ቮልቷ፣ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር የሆነችው ከሁሉ የከፋች ናት።

ቤትዎ ያሉ ትልልቅ ልጆች እንዲያምኑ እንዲህ ያድርጉ። አዲስ ባለ 3 ቮልት ባትሪ በሁለት ቁራጭ ጥሬ ሥጋ መሃል ያስቀምጡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከፍተው በኔጌቲቩ ወገን ያለውን ሥጋ በእርድ ወረቀት ይንኩት፤ ወረቀቱ ይቀላል። ሲቆይ ሥጋው ራሱ ይጠቁራል። ሥጋውን ለውሻም አይስጡ፣ ይቅበሩት።

ልጅ ከዋጠ ወይም ከተጠረጠረ ወዲያው ሆስፒታል ነው። ለማስመለስ አይሞክሩ። ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ፣ መዋጥ ከቻለና ባትሪዋን ከዋጠ 12 ሰዓት ካልሞላው፣ በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር፣ እስከ 6 ጊዜ፣ ጉዳቱን ሊያዘገይ ይችላል። ግን ማር ፍለጋ ደቂቃ አያባክኑ፤ ባጃጁ ይቅደም።

ውሃ ሲነካቸው የሚያብጡ ባለ ቀለም ጄል ዶቃዎች ካሉም ለ3 ዓመት ልጅ አይሆኑም። ተውጠው አንጀት ውስጥ ያብጣሉ። ለትልልቆቹ ያንኑ ትምህርት ከአዲስ ዳይፐር ውስጥ ካለው ዱቄት ማግኘት ይቻላል፤ ውሃ ሲጨመርበት ጄል ይሆናል፣ ጨው ሲነሰነስበት ውሃውን ይለቃል።

ጥያቄ፦ እህቴ ከውጭ "ውሃ የሚጠጣ ወፍ" የሚባል መጫወቻ አምጥታልኝ ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። በበጋ ቀኑን ሙሉ እየጎነበሰ ይጠጣ ነበር። ሐምሌ ላይ ደከመው። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። የጅማ ክረምት ነው የያዘው። ወፉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ዳይክሎሮሜቴን ነው፤ በ40 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላ፣ በቀላሉ የሚተን። ጭንቅላቱ ላይ ያለው ጨርቅ ሲርስ ውሃው ይተናል፣ ጭንቅላቱ ይቀዘቅዛል። ላይኛው ክፍል ያለው ትነት ወደ ፈሳሽ ይመለስና ግፊቱ ይወርዳል። ከታች ያለው ፈሳሽ በቱቦው ወደ ላይ ይወጣል፣ ጭንቅላት ይከብዳል፣ ወፉ ይጎነበሳል። ማይልስ ሰሊቫን የተባለ የቤል ላብራቶሪ ሰው እ.ኤ.አ. በ1946 ፓተንት ያገኘበት መጫወቻ ነው።

ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በጨርቁ መድረቅ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፤ ልብሳችን ገመድ ላይ እንደማይደርቀው የወፉም ጭንቅላት አይደርቅም። ለመፈተን በትልቅ የመስታወት ዕቃ ሸፍነው፤ ውስጡ ያለው አየር ሲረጥብ ጨርሶ ይቆማል። ከዚያ ግለጠውና ጭንቅላቱን በውሃ ፈንታ በአልኮል አርሰው። አየሩ በውሃ እንጂ በአልኮል አልተሞላም። ወፍህ እንዴት እንደሚሆን ከመሞከርህ በፊት ለባልደረቦችህ አስገምታቸው፤ ማኪያቶ ብታስይዙበት ደግሞ ታሸንፋለህ። ብቻ እንዳይሰበር። ውስጡ ያለው ፈሳሽ መርዛማ ነው፣ ትነቱም መሳብ የለበትም።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ባለፈው የጻፍሽውን ጠላቂ ሠራሁ። የቢክ ክዳን ጫፉ ላይ ማስቲካ አድርጌ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ውስጥ ከተትኩት። ሃይላንዱን ስጨምቀው ይሰምጣል፣ ስለቀው ይነሳል። ማታ ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ግርጌ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ አይነሳም። 12 ዓመቴ ነው፣ ፈረንጅ አራዳ ነኝ።

መልስ፦ ጥሩ ነገር ነው የገጠመህ። ሁለት ነገር ጠርጥር። አንደኛ፣ የቢክ ክዳን አናቱ ላይ ቀዳዳ አለው፤ ሕፃን ቢውጠው አየር እንዲያልፍ ተብሎ ነው። አንተ ግን እሱን በማስቲካ ካልደፈንክ አየሩ ቀስ በቀስ ያመልጣል። አውጥተህ እየው።

ቀዳዳው ተደፍኖ ከሆነ ደግሞ ሌሊቱ ነው። ክዳኑ ውስጥ ያለችው አየር ስትቀዘቅዝ ትጨማደዳለች፣ በቦታዋ ውሃ ይገባል፣ ጠላቂው ይከብዳል። አንተ ስትጨምቀው የሚሆነውን ብርዱ ሌሊት ላይ ሠራው ማለት ነው። የሃይላንዱን ክዳን ክፈትና ፀሐይ ላይ አስቀምጠው። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት መጀመሪያ ጻፍ፣ ከዚያ ጠብቅ። ክዳኑን መክፈት አትርሳ፤ ተዘግቶ ከሆነ ውሃውም ሲሞቅ ይሰፋና ራሱ አየሯን ይጫናታል። ከሰዓት ድረስ ካልተነሳ ከታች ካለው ማስቲካ ቆንጥረህ ቀንስለት።